ባንክና ቢትኮይን፦ ገንዘብዎ ቢጠፋ ማንን ይጠይቃሉ?

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለእናትዎ ገንዘብ ልከው ያውቁ ይሆናል። የመላኪያው ክፍያ ይከብዳል፤ ገንዘቡ እስኪደርስም ልብ አያርፍም። ታዲያ አንድ ቀን አብረውት የሚያመልኩት ወንድም «ለምን በቢትኮይን አይልኩም? ባንክ እኮ አያስፈልግም» ቢልዎት ምን ይመልሳሉ? እስቲ ሁለቱን መንገዶች አብረን እንመልከት።

የባንክ መንገድ

ባንክ ገንዘብ ሲልክ ዶላሩ ራሱ አይጓዝም። የላኪው ባንክ ከሂሳቡ ይቀንሳል፤ የተቀባዩ ባንክ ይጨምራል። ባንኮቹ የሚነጋገሩበት ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1973 በቤልጂየም የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚያስተላልፈው መልእክት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሁለቱ ባንኮች በቀጥታ የማይሠሩ ከሆነ ሌላ ባንክ በመካከል ይገባል። መዘግየቱም ሆነ ክፍያው በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

የቢትኮይን መንገድ

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚታወቅ፣ ማንነቱ ግን ያልተገለጠ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ሐሳቡን ጻፈ፤ በ2009 መጀመሪያ መረቡ ሥራ ጀመረ። እዚህ መዝገቡን የሚይዝ አንድ ባንክ የለም። በዓለም ዙሪያ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ያንኑ መዝገብ ይይዛሉ፤ በየ10 ደቂቃው ገደማም «ብሎክ» የሚባል አዲስ ገጽ ይጨመርበታል። እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ ድንበር የለ። ነገር ግን ገጹ ጠባብ ነው፤ መዝገቡ በሰከንድ 7 ያህል ክፍያ ብቻ ይችላል፤ ቪዛ ግን በሺህ የሚቆጠር ያስተናግዳል። ስለዚህ ላኪ ሲበዛ ወረፋው ይረዝማል፣ ክፍያውም ይጨምራል።

ዋናው ልዩነት

ትልቁ ልዩነት ግን ፍጥነት አይደለም። በክሬዲት ካርድ ቢጭበረበሩ የአሜሪካ ሕግ ያለ ፈቃድዎ ለወጣው ገንዘብ ተጠያቂነትዎን በ50 ዶላር ይገድባል። የባንክ ሐዋላ ሁልጊዜ ባይመለስም የሚጠየቅ ተቋም አለ። በቢትኮይን ግን ወደ ተሳሳተ አድራሻ ከላኩ ተቀባዩ በፈቃዱ ካልመለሰ በቀር መመለሻ የለም። የምስጢር ቁልፍዎ ከጠፋም ገንዘቡ አብሮት ጠፋ ማለት ነው።

ደግሞም እናትዎ በቢትኮይን ጤፍ አይገዙም፤ ወደ ብር የሚለውጥላቸው ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ ሕዝቡ በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ እንዳይከፋፈል አስጠንቅቋል። እንግዲህ በበሩ የወጣው አማላጅ በመስኮት ተመለሰ ማለት ነው፤ ያውም የሚቆጣጠረው ሳይኖር! በቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለው የቢትኮይን መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከስር ብዙዎች ገንዘባቸውን በቢትኮይን ማግኘት የጀመሩት በ2024 ነበር።

ወገኔ ሆይ፣ ቴክኖሎጂው ድንቅ ነው፤ ሊማሩትም ይገባል። ነገር ግን ከመላክዎ በፊት «ነገሩ ቢበላሽ ማን ይመልስልኛል?» ብለው ይጠይቁ። «ወንድም ስለሆነ አመንኩት» የሚለው መልስ ለዚህ ጥያቄ አይበቃም።