የነሐሴን ውሃ ለጥር ማቆየት

በሐምሌና በነሐሴ የብላቴ ወንዝ ከላይኛው ተፋሰስ ያጠበውን አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶ አባያ ሐይቅ ይገባል። በጥርና በየካቲት፣ በወላይታ የሆቢቻና የሁምቦ ገበሬ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ሊያጠጣ ሲነሳ፣ ያው ወንዝ ሳስቶ ያገኘዋል። እንደ ሐመሳ ባሉት ትንንሽ ወንዞችማ ችግሩ ይብሳል። የሆቢቻ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቢጠና ዙሪያ የመስኖ ጥያቄ ለዓመታት ሲነሳ የኖረው በእነዚህ ወራት መራራቅ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ የገበያ አትክልት ብቻ አይደለም። ወላይታ የሚያርሰው በሁለት ዝናብ ነው፤ በበልግና በክረምት። በልጉ ሲዛባ በቆሎው ይዘገያል፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ ለተከላ አይደርስም፣ እንሰቱም ያለ ዕድሜው ይፋቃል። በ1992 እና በ1995 ዓ.ም. ችጋር ሲገባ አገሩ ለዓይን ለምለም ነበር፤ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ቆላውን የማልማት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋዱ፣ ከተጨናነቀው ደጋ ሰው አምጥቶ በቆላው በአበላ አስፍሯል። ማዳበሪያና ብድርም አብሮ መጣ። ሰዉ እየበዛ ሲሄድ ዝናቡ ግን ያው የቆላ ዝናብ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ዘመቻ የቤተሰብ ኩሬ ነበር። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአገሪቱ ብዙ ቦታ ገበሬው በየጓሮው እንዲቆፍር ተደረገ። የብዙዎቹ ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ውሃው ሰረገ፣ ሕፃንና ጥጃ ይገባበታል የሚለው ስጋትም ነበር። ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ እንውሰድ። በቆሎ ከዘር እስከ አጨዳ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሙሉ ኩሬ የሚበቃው ለ120 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በቆላ ፀሐይ ደግሞ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል፤ በአራት የበጋ ወራት 60 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ለችግኝና ለጓሮ ጎመን ይበጃል፣ ለማሳ አይሆንም። ገበሬው ይህ ሳይነገረው ጉልበቱን ማፍሰሱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ታዲያ ግድብ ይሠራ? ከአባያ ማዶ፣ በሲዳማና በኦሮሚያ ወሰን ላይ፣ የጊዳቦ ግድብ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። የቢጠና ሰው «ለእኛስ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ግድብ ያለ ቦይ ማሳ አያጠጣም። በአማራ ክልል የርብ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ የመስኖ ቦዮቹ ዓመታት ዘግይተዋል። ብላቴን ለሚገድብ ሰው ደግሞ የባሰ ጠላት አለ፤ ደለሉ። የተራቆተ ተፋሰስ ሥር የተሠራ ግድብ ከውሃው ይልቅ አፈሩን ያጠራቅማል።

እኔ ዕቅዱ ከሌሊቱ ውሃ ይጀመር እላለሁ። በሜጫ የሚገኘው፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከግድቡ በተጨማሪ በየማሳው አቅራቢያ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተሠርተውለታል። ምንጭም ሆነ ጠለፋ ቦይ ሌሊት አይተኛም፤ ገበሬው ግን ይተኛል። በሰከንድ 5 ሊትር ብቻ የምትሰጥ ምንጭ በ12 የሌሊት ሰዓት 216 ሜትር ኩብ ታወርዳለች። ይህ ለአንድ ማጠጣት 50 ሚሊ ሜትር ቢቆጠር ከ0.4 ሄክታር በላይ ያረካል፤ ያውም በየሌሊቱ እንደገና የሚሞላ። እስከ ማግስቱ ብቻ ስለሚቆይም ትነቱ ትንሽ ነው። ተራዋ በሌሊት የደረሰባት፣ ልጆቿን ትታ በጅብ ሰዓት ቦይ ለመጥለፍ የምትወጣ እናትም በቀን ታጠጣለች። ኩሬው ከምንም በላይ ለእሷ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ይህ የሚረዳው ግን በጋውን በሙሉ የሚፈስ ምንጭ ሲኖር ነው፤ ምንጭ ደግሞ ከተራራው ነው የሚመጣው። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከልቅ ግጦሽና ከእንጨት ለቀማ ተከልሏል። ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ማኅበራት ያቆጠቆጠውን ጉቶ እየገረዙ ደን አደረጉት፤ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክም ካርበኑን ገዛ። ስለ ካርበኑ ብዙ ተወርቷል። ለመስኖ ባለሙያ ግን ያ ደን ሲሚንቶ ያልወጣበት ማጠራቀሚያ ነው፤ የክረምቱን ጎርፍ ያዘገያል፣ ውሃውን በአፈር ውስጥ ያቆያል፣ ደለሉን እዚያው ይይዛል። ከየትኛውም ኩሬ በላይ ያለው ገላጣ ቁልቁለት መጀመሪያ ይከለል፤ ቁፋሮው ከዚያ ይቀጥል። ጎርፉ ከተገራ በኋላ መካከለኛ ግድብ ማሰብ ይቻላል።

አስቸጋሪው ነገር መሬቱ ነው። በወላይታ ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። ኩሬ የሚቆፈርበትን ቦታ አንድ ገበሬ ይለቃል፤ የሚጠቀሙት ከእሱ በታች ያሉት ናቸው። ከላይ ከብቱን ከተከለለው ተራራ ያስወጣውም እንዲሁ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 841/2006 አባላት ውሃውን በጋራ የሚያስተዳድሩበትን ሕጋዊ አቋም ሰጥቷል። ስለዚህ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ የመጀመሪያውን የውሃ ተራ ወይም ምትክ መሬት እንዲያገኝ፣ ደለል ጠረጋውም በየዓመቱ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይስፈር፤ አካፋው የሚነሳው ደንቡ ከተፈረመ በኋላ ይሁን።