ጠመንጃ ልሥራ ለሚል ወጣት

ጠመንጃ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ጠመንጃ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። አገራችን የመጀመሪያውን በሚገባ ታውቀዋለች፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ደክማ የተማረችው በጥቂቱ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው፣ ከዚህም ከዚያም አፈሙዝ፣ ቃታና ሰደፍ ሰብስቦ «እኔው ራሴ ገጣጥሜ ጠመንጃ አደርገዋለሁ» ስለሚል ጀማሪ ነው። ይህ አሳብ ለከተማ ተማሪ ተረት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ተመድቦ የሚሄድ ወጣት ሹም፣ ከሽማግሌ አልጋ ሥር የተቀመጠ ስብርባሪ ውጅግራ ቢያይ፣ «ይህን የሚያስነሣልን ሰው ታውቃለህ ወይ?» ተብሎም ቢጠየቅ አይግረመው። ስለዚህ መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ጠመንጃ እንደ ሌላው ዕቃ የሚቆጠር አይደለም። የሸዋን ነገሥታት ዘር የቈረቈረው ነጋሲ የተነሣው ከመንዝ ነው። ልጁ ከአባቱ መሬትና ከብት እንደሚወርስ ሁሉ ጠመንጃም ይወርሳል፤ በሠርግ ይፎከርበታል፤ ጀግና ሲሞትም ጠመንጃው በለቅሶው ላይ ወጥቶ ይታያል። የመንዝን ገበሬ ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራውን የወንድነትና የጦረኝነት ስሜት በሰፊው የተመለከተው ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ይኸው ጠመንጃ ተሸካሚውን የሚያከብር አገር፣ ብረት ሠሪውን ሲንቅ ኖሯል። ማረሻውን የሚሠራለትን፣ ማጭዱን የሚሞርድለትን፣ መጥረቢያውን የሚያሾልለትን ሰው «ቀጥቃጭ» እያለ ይሰድበዋል፤ «ቡዳ ነው» ብሎ ከማዕዱ ያርቀዋል፤ በጋብቻም አይቀላቀለውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ «ጠመንጃ ልሥራ» የሚለውን ወጣት ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ የምትፈልገው ጠመንጃውን ነው ወይስ ብረት መሥራቱን? ጠመንጃውን ብቻ ከሆነ የማታውቀውን የሌላ ሰው ሙያ በአንድ ሌሊት ልትወርስ መፈለግህ ነው።

ይህ ነገር በአንድ ሌሊት እንደማይሆን ታሪካችን ይመሰክራል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነት ውል ሲዋዋሉ፣ መልእክተኛው ካመጣቸው ገጸ በረከቶች ዋነኛው የጦር መሣሪያ ነበር። መሣሪያው መጣ እንጂ የሚሠራበት ጥበብ አብሮ አልመጣም። ይህን ጕድለት ከሁሉ ይልቅ የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የአውሮፓ ሰዎች መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ የመድፍ ሙያ አልነበራቸውምና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ብዙ ደክመው በመጨረሻው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተሳበ ተራራና ገደል አቋርጦ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ሠራተኞቹ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወጥተው ሲሄዱ የጋፋት እሳት ጠፋ። ጥበቡ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ነበርና ከሰዎቹ ጋር አብሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ከውጭ አገር እየተገዛ፣ እየተሰጠ፣ እየተማረከም ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው መሣሪያ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አልነበረም። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ አልቤን፣ ለበን፣ ምንሽር እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ናቸው፤ «ውጅግራ» የሚለው ስም ራሱ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የወጣ ነው። በየቤቱ የተጣለው ስብርባሪ እንዲህ ዝንጕርጕር የሆነውም ስለዚህ ነው።

የገጣጣሚው መከራ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ስናድር የሚጎርሰው ጥይት ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፈረንሳዩ ለበን 8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግን በስፋት ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ውጅግራ የተሠራው በጥቁር ባሩድ እንዲተኩስ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1884 ሲሆን፣ እርሱን በመጠቀም ቀዳሚ የሆነው የጦር ጠመንጃ የ1886ቱ ለበን ነው። አዲሱ ባሩድ ከአሮጌው እጅግ የበረታ ኃይል አለው። ስለዚህ የአያት ጠመንጃ «ብረቱ ወፍራም ነው፤ ይችላል» ተብሎ የልጅ ልጅ ባሩድ ቢጎርስ፣ ይችል አይችል የሚታወቀው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው።

የኃይሉን መጠን በቍጥር እንየው። በመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ሁለት ወይም ሦስት አትሞስፌር ነው። በክላሽንኮቭ ውስጥ ጥይት ሲፈነዳ ግን ግፊቱ ለቅጽበት ወደ 3 ሺህ 500 አትሞስፌር ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ቀለሁ የተቀመጠበት ክፍልና ከኋላው የሚዘጋው ብረት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከራስ ጠጕር ውፍረት በጥቂት ቢበልጥ እንኳ አደጋ ሊሆን ይችላል። ዓይን ይህን አያይም፤ ጣትም አይለየውም። ሁለት ዕቃ «ገጥሟል» ማለትና «ይይዛል» ማለት የተለያየ ነገር ነው።

«የኛ ባለ እጅ ዓይኑ የሠለጠነ ነው፤ የብረቱን ቀለም አይቶ ሙቀቱን ያውቃል» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም የባለ እጁን ዓይን አንንቅም። ሆኖም ታላቅ በሆነ የመንግሥት ፋብሪካ የደረሰውን እናስታውስ። በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ የሚሠራው ጠመንጃ በጣም የተመሰገነ ነበር። በ1917 ግን አንዳንዶቹ ሲተኮሱ ተሰባበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ብዙ ዘመን የሠሩ አዋቂዎች የብረቱን ሙቀት የሚለኩት በዓይናቸው እንደሆነ ታወቀ። ደመና ባለበት ቀን ትክክል የነበረው ቀለም፣ ፀሐይ በደመቀበት ቀን ሲታይ አሳሳች ነበር፤ መለኪያ በመጣ ጊዜ ልዩነቱ በፋራናይት እስከ 300 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆኖ ነበር። በዚህም ምክንያት ከ800 ሺህ በታች ቍጥር ያላቸው የዚያ ፋብሪካ ጠመንጃዎች እስከ ዛሬ ድረስ እንዳይተኮሱ ይመከራል። ምድጃ፣ መዶሻና መሐንዲስ የሞላው ፋብሪካ በዓይኑ ከተሳሳተ፣ በኩበት ጭስ ውስጥ በኩራዝ የሚሠራ ጀማሪ ምን ሊሆን ነው?

ጠመንጃ በመሥራት የታወቁ ከተሞች ይህን ከተረዱ ቈይተዋል። በቤልጂግ አገር በሊዬዥ ከ1672፣ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከ1813 ጀምሮ፣ የተሠራ ጠመንጃ ለሰው ከመሸጡ በፊት በሕግ በተቋቋመ መሥሪያ ቤት ይፈተናል፤ ያለፈው ማኅተም ይመታበታል። ሠሪው ምንም ስመ ጥር ቢሆን የራሱ ሥራ ምስክር ራሱ ሊሆን አይችልም።

ወደ አገራችን ሕግም ስንመለስ ነገሩ ግልጽ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን ጉዳይ ሁሉ በፈቃድ ሥር አድርጎታል፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትም ወንጀል ነው። «ለራሴ ነው፤ አልሸጠውም» ማለት ከሕግ አያድንም። ከጥል በኋላ ነገሩ ወደ ዳኛ ሲቀርብ፣ ባለቤቱና ቍጥሩ የማይታወቅ መሣሪያ ያመጣው መከራ ከገጣጣሚው አልፎ ለወንድሙና ለጎረቤቱ ይተርፋል።

እንግዲህ ምክራችን የሚከተለው ነው። ከአባት የተወረሰ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው አይተኩሰው፤ የሌላ ጠመንጃ ዕቃም አይቀጥልበት፤ ሄዶ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቅና የሚታዘዘውን ይፈጽም። አያቱ የያዘው ጠመንጃ ክብሩ በመጮኹ አይደለም፤ ዝም ብሎም ታሪኩን ይናገራል።

እጁ ብረት ብረት የሚለው ወጣት ግን አሳቡን አይጣል፤ መንገዱን ይለውጥ። ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ ሞረድ አያያዝ፣ በካሊፐር መለካት፣ በቶርኖ ማሽን መሥራት ይማር። መጀመሪያ ሁለት ብረት በትክክል ጠፍጣፋ አድርጎ ማጋጠም ይቻለው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ሳምንት ይፈጃል። የሠራውንም ሌላ ሰው እንዲለካለት ይስጥ። መሣሪያ መሥራት እስከ መጨረሻው የሚስበው ከሆነም፣ ከትምህርቱ በኋላ ፈቃድ ባለው በመንግሥት ፋብሪካ ይግባ። ጋፋት የሚለው ስም በደርግ ዘመን ለተቋቋመ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ መሰጠቱ የዐፄ ቴዎድሮስን ምኞት ለማስታወስ ነው። እስከዚያው ግን ደጋው ራሱ ለብረት ሠሪ ብዙ ሥራ አለው። መንዝ በግና ሱፍ የሞላበት አገር ነው፤ ባናውና ዝተቱ ግን የሚሠራው ብዙ ጕልበት በሚፈጅ አሮጌ መሣሪያ ነው። የበግ ጠጕር በቶሎ የሚሸልት መቀስ፣ ሱፍ የሚፈታ ማበጠሪያ፣ የማይላላ የሸማኔ ዕቃ ሠርቶ የሚያቀርብ ሰው ገበያ አያጣም። እነዚህም ትክክለኛ ልክ ይፈልጋሉ፤ ስሕተታቸው ግን ዓይን አያጠፋም።

ለወጣቱ ሹምም አንድ ቃል አለን። «ክልክል ነው» ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ሽማግሌውን «አባቴ፣ ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለዛሬው ባሩድ አይደለም፤ ልጅዎን እንዳያሳጣዎ» ቢላቸው ከአዋጅ ቍጥር ይልቅ ይሰሙታል። የመንደሩንም ባለ እጅ በስሙ ጠርቶ እጁን ይጨብጥ፤ ቤቱ ገብቶ ቡና ይጠጣ። ልጆች ይህን ሲያዩ፣ ክብር የሚገኘው ብረት በመሸከም ብቻ እንዳልሆነ፣ ብረት በመሥራትም እንደሆነ ይማራሉ። ይህን የተማረ ልጅ ደግሞ ስብርባሪ ለቅሞ በጨለማ ከመገጣጠም ይልቅ ሙያውን በፀሐይ ብርሃን ይሠራል።