ሁለት ብቻ የተሠራችው ዱዘንበርግ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች ላይ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አንዲት አሮጌ መኪና በ22 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። እስከዚያ ዕለት ድረስ በጨረታ ይህን ያህል ያወጣ አሜሪካ ሠራሽ መኪና አልነበረም። መኪናዋ የ1935ቷ ዱዘንበርግ ኤስኤስጄ ናት። የተሠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዷን ጋሪ ኩፐር፣ ሌላዋን ክላርክ ጌብል ነድተዋቸዋል። ዋጋውን የሰቀለው የተዋናዮቹ ስም ነው የሚል አይጠፋም። ስሙ ማገዙ አይካድም፤ የመኪናዋን ክብር የሚያውቀው ግን ኮፈኗን ከፍቶ ያየ ነው።

ፍሬድና ኦገስት ዱዘንበርግ ጀርመን ተወልደው አዮዋ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው። ስማቸውን የተከሉት በእሽቅድምድም ነው፤ መኪናቸው በ1921 የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ፣ በ1924፣ በ1925 እና በ1927 ደግሞ የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል ውድድር አሸንፋለች። በሞተር የተካኑትን ያህል ንግዱ አልሆነላቸውም። በ1926 ኢ. ኤል. ኮርድ የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ገዛና ፍሬድን ከዓለም የምትልቅ መኪና እንዲሠራ አዘዘው።

የዚህ ትእዛዝ ውጤት የሆነችው ሞዴል ጄ በ1928 መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ ታየች። ስምንት ሲሊንደሮቿ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ የሞተሯ ስፋት 6.9 ሊትር ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ስላለው በድምሩ 32 ይሆናሉ፤ የሚከፍቷቸውም ከላይ የተቀመጡ ሁለት ካምሻፍቶች ናቸው። ቫልቭ ሲበዛ ሞተሩ አየር እንደልብ ይስባል፣ ጭሱንም ፈጥኖ ያስወጣል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ተራ የቤት መኪና ሁሉ ይህን ይዟል፤ ያኔ ግን የእሽቅድምድም ሰዎች ዕውቀት ነበር። ኩባንያው 265 የፈረስ ጉልበት አለው ሲል፣ የአገሬው ሌሎች ቅንጡ መኪኖች የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርሱም ነበር። ዘይት የሚቀየርበትንና ባትሪ የሚታይበትን ጊዜ የሚያስታውሱ መብራቶችም ዳሽቦርዱ ላይ ነበሩ።

ፋብሪካው ይሸጥ የነበረው ሻንሲውንና ሞተሩን ነው፤ ይኸው ብቻውን መጀመሪያ ላይ 8,500 ዶላር ነበር። ቦዲውን ገዢው በመረጠው ካሮሴሪያ (ቦዲ ሠሪ ድርጅት) ያሠራ ነበር። ፓሳዴና የነበረው መርፊ የተባለ ካሮሴሪያ ይሠራቸው የነበሩ ክፍት መኪኖች ለእኔ ከሁሉም ያምራሉ፤ ጣሪያቸው ሲታጠፍ ከነአካቴው ከዓይን ይሰወራል። ገዢው እንደ ልኩና እንደ ፍላጎቱ ስለሚያሠራ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት ሁለት ዱዘንበርግ ማግኘት ይቸግራል።

በ1932 ኤስጄ መጣች። አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ሱፐርቻርጀር ተጨምሮላት ጉልበቷ 320 ደረሰ። በዚያው ዓመት ፍሬድ ራሱ ኤስጄ ሲነዳ ፔንሲልቫንያ ውስጥ ተገለበጠና በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ሥራውን የያዘው ወንድሙ ኦገስት ነው። በ1935 አብ ጄንኪንስ የተባለ ነጂ ለፍጥነት የተዘጋጀች ኤስጄ ይዞ የዩታ የጨው ሜዳ ላይ ወጣ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኤስኤስጄ የዚያው ዓመት ልጅ ናት፦ ሻንሲዋ ከሌሎቹ ያጠረ፣ ጉልበቷ 400 የሚባልላት፣ ለሁለት ሰው የተሰናዳች ቀላል ክፍት መኪና።

ገበያው ግን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ሞዴል ጄ በወጣች በዓመቷ ገደማ የዎል ስትሪት ውድቀት ደረሰ፤ ኩባንያው በ1937 እስኪዘጋ ድረስ የተሠሩት ሞዴል ጄዎች ሁሉ ተደምረው 480 ያህል ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ዱዘንበርግ የጠፋችው የሚበልጣት መኪና መጥቶ አለመሆኑ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በኢንዲያና በኩል ካለፋችሁ ኦበርን ከተማ ያለውን የኦበርን ኮርድ ዱዘንበርግ ሙዚየም ሳታዩ አትለፉ።