1887 የሚል ብር

አሜሪካ ውስጥ የቆዩ የኮሚክ መጻሕፍት የሚሰበስቡ ሰዎች ለዘመኖቻቸው የማዕድን ስም አውጥተውላቸዋል። ሱፐርማን ከታየበት ከ1938 እ.ኤ.አ. የሚጀምረው የወርቅ ዘመን፣ ከ1956 የሚጀምረው የብር፣ ከ1970 የሚጀምረው ደግሞ የነሐስ ይባላል። ወረቀት በወርቅና በነሐስ መሰየሙን እነሱ ይወቁት። የእኛ አገር የገንዘብ ሰብሳቢዎች ሦስቱንም ማዕድን በእጃቸው ይዘው (አክሱም በወርቅም በብርም በነሐስም ሳንቲም ትመታ ነበር) ዘመን የሚለዩት በላዩ ላይ በተቀረጸው መልክ ነው፦ አክሱም፣ ምኒልክ፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ደርግ፣ ከዚያ በኋላ ያለው።

አከፋፈሉ ለመደርደሪያ ይመቻል። ለታሪክ ግን ያስቸግራል፤ ወላይታ ላይ ቆሞ ላየው ደግሞ የበለጠ።

“የምኒልክ ዘመን” የሚከፈተው 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ባለበት፣ ፓሪስ በተመታው ብር ነው። ከፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ ከጀርባው መስቀል የያዘ አንበሳ አለ። ሰብሳቢ ሳንቲሙን ገልብጦ የሚያየው የአንበሳውን እግር ነው፤ በቀደሙት የተነሣው የግራው፣ በኋለኞቹ የቀኙ ነውና። በዚያው በ1887 የምኒልክ ጦር ወላይታ ዘምቶ ንጉሡን ካዎ ጦናን ማረከ፤ የወላይታ ነገሥታት ዘመንም አበቃ። ማርጯ በሚባል የብረት ገንዘብ ይገበያይ ለነበረ አገር 1887 የምን መጀመሪያ እንደሆነ ለመናገር ሰብሳቢው ትንሽ ማሰብ ይኖርበታል።

ደግሞም ገበያው አዲሱን ብር ወዲያው አልተቀበለውም። ክብደቱ ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ጋር እንዲስተካከል 28 ግራም ገደማ ተደርጎ ቢሠራም ነጋዴው የለመደው ጠገራውን ነበር። ጠገራው ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ቪየና ቢመታ፣ ጣልያን ለወረራው ሮም ላይ ቢያስመታው፣ ከዚያም እንግሊዞች ለንደንና ቦምቤይ ላይ ቢያስመቱት ዓመቱ አይለወጥም። ስለዚህ ወላይታ፣ በዴሳ ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ከሣጥናቸው ሥር ጠገራ ቢያወጡ ዕድሜውን ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። የድሮ ነጋዴ ከንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥር ነበር፤ የዛሬ ሰብሳቢም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም እንዲሁ ያሳስታሉ። 1936 የሚለው ዓመት ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ስለቀጠለ፣ ልዩነቱ ያለው በብረቱና በቅርጹ ነው። በመጀመሪያ የወጣው ሃምሳ ሳንቲም ብር ይበዛዋል፣ በኋላ የተመታው ግን ያንሳል። ከሁሉ የሚያዝናናው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር፤ አንዳንዱ ብልጥ ብር እየቀባ በሃምሳ ሳንቲም ስም ስለሚያሳልፈው ጠርዙ ሞገዳማ እንዲሆን ተደረገ። ድፍን ክቡን ያገኘ ሰብሳቢ ደስ ይለዋል። በእኔ ግምት ከምኒልክ አንበሳ እግር ይልቅ ስለ ገበያ የሚነግረን ይህ ጠርዝ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ዘመኑን የምከፍለው ሰው ባመነው ነገር ነው። አሞሌ ጨውና ማርጯ አንድ፤ ጠገራ ሁለት። የጠገራው ዘመን የሚያበቃው ምኒልክ ብር ባስመቱ ጊዜ አይደለም። ጣልያን ከወጣ በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና ጠገራ በአንድ ገበያ ይዞሩ ነበር፤ መንግሥት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱን ገንዘብ ሲያወጣ ነው የዚያ ዘመን በር የተዘጋው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. ያወጣው ወረቀትም እንኳን ለወላይታ ገበያ ይቅርና ከከተማ ነጋዴ አልፎ ብዙም አልራቀም።

ሦስተኛው የወረቀት ዘመን ነው፤ የሰብሳቢዎቹ ድንበርና የሰው ኑሮ የሚገጣጠመው እዚህ ላይ ብቻ ነው። በ1969 ደርግ የንጉሡን መልክ ከብሩ ላይ አነሳ፤ አምስት መቶ የሚለውንም ወረቀት አስቀረ። ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ ኢትዮጵያም ወረቀቷን ለወጠች። መስከረም 4 ቀን 2013 ደግሞ ሁለት መቶ ብር መጣ፤ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠውም ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በየለውጡ ከፍራሽ ሥር ተረስቶ የቀረ መቶ ብር ባንክ አይቀበለውም። ሰብሳቢ ግን ይቀበለዋል፣ ያውም መጀመሪያ የሚጠይቀው ታጥፎ እንደሆነ ነው።