ታይገር ባርብ ከሌሎች ዓሦች ጋር

ታይገር ባርብ በሱማትራ ደሴት ወንዞች የሚገኝ፣ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ በወርቃማ ገላው ላይ አራት ጥቁር ሰንበሮች ያሉት ዓሣ ነው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የጎረቤቶቹን ክንፍ በመንከስ ይታወቃል። ይህ ጠባዩ ግን ብዙ ጊዜ የሚብሰው በአያያዝ ጉድለት ነው።

ባርብ የመንጋ ዓሣ ነው። በመንጋው ውስጥ የበላይና የበታች አለ፤ ደረጃው የሚለየውም በመሳደድና በመጎናተል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ሲቀመጡ ደካማው ያለ እረፍት ይሳደዳል፤ አለዚያም ጥቃቱ ወደ ሌሎች ዓሦች ይዞራል። ስምንት ወይም አሥር ሲሆኑ ግን እርስ በርሳቸው ይጠመዳሉ፤ ጥቃቱም ለብዙዎች ተከፋፍሎ ይቀልላል። ጠብን ለመቀነስ ቁጥር መጨመር እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚሠራው ይኸው ነው። ለእንዲህ ያለ መንጋ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ ረዘም ያለ ገንዳ ያስፈልጋል።

ቤታ፣ ጉፒና ኤንጅልፊሽ ረጃጅም ክንፋቸውን እያንጠለጠሉ በዝግታ ስለሚዋኙ ከባርብ ጋር ማኖር ጭካኔ ነው። ፈጣኑ ዜብራ ዳንዮ ይስማማዋል፤ ከገንዳው ወለል የማይርቀውን ኮሪዶራስንም እምብዛም አይነካውም።

ድንጋይ፣ እንጨትና ጥቅጥቅ ያለ ተክል ለተሳዳጁ መሸሸጊያ ይሆናሉ። ባርቦቹ ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ቢገቡ ይመረጣል። ክንፉ የተቀደደ ዓሣ ከታየ ወዲያውኑ ተለይቶ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ቁስሉ ለባክቴሪያና ለፈንገስ በር ይከፍታልና።