ረቂቁና የጸደቀው

የዝናብ መለኪያ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ካለ ጥርጣሬውን ወደ ሌላ ቦታ ያዙር። እዚህ ሐዋሳ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሃውን ለክቶ ሚሊ ሜትሩን ይጽፋል፤ አበቃ። ጣጣው የሚጀምረው ዝናቡ በመቅረቱ ስንት ሰው እርዳታ እንደሚሻ ሲጻፍ ነው።

ጡረታ እስክወጣ በበልግና በመኸር ሰብል ግምገማ ቡድኖች ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ዓመት ወላይታ ወርደን የስኳር ድንች ማሳ ስንቆፍር ሥሩ ከጣቴ አይወፍርም ነበር። የበልግ ሰብል እስኪደርስ በስኳር ድንች የሚሻገር ቤተሰብ ምን ሊበላ እንደሚችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ሠንጠረዡን ሞልተን ተመለስን። አለቃችን መነጽሩን አውልቆ፣ “ይሄ ቁጥር ከአምናው እንዴት በለጠ? እኛ እኮ ምርት አድጓል ብለን ሪፖርት ልከናል” አለን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጠይቀው አለ። በጸደቀው ሰነድ ላይ ቁጥራችን ተቀንሶ “ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ነው” የምትል ዓረፍተ ነገር ገብታለች። ማን እንዳስገባት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ዘግይቶ ሲመጣ ወላይታና ሲዳማ ለመለሙ፤ በዚያ ልምላሜ መሃል ሕፃናት በረሃብ ይከሱ ነበር። “አረንጓዴ ረሃብ” የተባለው ይኸው ነው። በሰኔ በመላ አገሪቱ 4.6 ሚሊዮን የተባለው የተረጂ ቁጥር በጥቅምት 2001 ዓ.ም. 6.4 ሚሊዮን ደረሰ። እህል የሚጫነው ደግሞ በጸደቀው ቁጥር ልክ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የወሎን ረሃብ የንጉሡ ሹማምንት ሲደብቁት፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አጋለጠው። ደርግ ያንኑ ፊልም ቆራርጦ ንጉሡን ሊያወርድ በዋዜማው ለሕዝብ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን እሱም የአብዮት በዓሉ እንዳይደበዝዝበት የራሱን ዘመን ረሃብ ሸሸገ።

በሀብታም አገርም ያው ነው። ፊሊፕ ኩኒ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ባልደረባ የነበረ የሕግ ሰው ነው። በዋይት ሐውስ ሳለ የአየር ንብረት ሪፖርቶችን እያረመ ድምዳሜዎቹ ላይ ጥርጣሬ ያክልባቸው ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጋለጥ ሥራውን ለቆ ኤክሶን ሞቢል ገባ። የታወቀበት ሪክ ፒልትስ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ የእርማቱን ወረቀቶች ጠብቆ በማውጣቱ ነው። እኛ ጋ ረቂቁ የሚቀመጠው ባለሙያው ፍላሽ ላይ ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር ፍላሹም አብሮት ይሄዳል።