የበየዳ ኩበትና የዓለም ገበያ

ዛሬ በመንግሥታት ጉባኤ ላይ ከሚደጋገሙት ቃላት አንዱ «ባዮኢነርጂ» የሚለው ነው። ቃሉ ባዕድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበት፣ ከገለባ፣ ከዘይት ፍሬ ወይም ከሸንኮራ አልኮል የሚገኝ ኀይል ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ በየዳ ላይ አንዲት እናት ጎሕ ሲቀድ ኩበት ሰብራ ምድጃዋን ስታያይዝ፣ ሊቃውንቱ በሮምና በብራስልስ ተሰብስበው የሚነጋገሩበትን ነገር እርስዋ በእጅዋ ይዛዋለች ማለት ነው። ጥያቄው፣ የእነዚያ ንግግር ከእርስዋ ምድጃ ይደርሳል ወይ? የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።)

በየዳ ከደባርቅ ወዲያ፣ ራስ ደጀን ባለበት በስሜን ተራሮች መካከል የሚገኝ ወረዳ ነው። ከፍ ያለው ክፍሉ ገብስና በግ የሚስማማው ብርድማ አገር ነው። ደባርቅና ዳባት ዙሪያውን እንደ ልብ የሚበቅለው ባሕር ዛፍ እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ውርጭ ይመታዋል። የሚቀረው አስታ ነው፤ እርሱም ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ከዓመት ወደ ዓመትም ወደ ገደሉ አፋፍ እየሸሸ የሄደ ቊጥቋጦ ነው። ስለዚህ እሳት የሚነደው በኩበት ነው።

ኩበት የሚነደው ገበሬው ጥቅሙን ስላላወቀ አይደለም። ፍግ ለማሳ እንደሚበጅ ከማንኛችንም ይልቅ እርሱ ያውቃል፤ የጓሮውን መሬት እያየ ልዩነቱን ሲናገር ለሰማው ሰው የአፈር ትምህርት አያስፈልገውም። ነገር ግን ራት ዛሬ ይበላል፤ ገብሱ የሚታጨደው ከመንፈቅ በኋላ ነው። ኬን ኒውኮም የተባለ ባለሙያ በ1984 ለዓለም ባንክ ባቀረበው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ደጋ በምን ዐይነት ደረጃ ወደ ችግር እንደሚወርድ ዘርዝሮ ነበር። መጀመሪያ ሰው ከሚበቅለው በላይ እንጨት ይቈርጣል፤ እንጨቱ ሲጠፋ እበት ወደ እሳት ይዞራል፤ ቀጥሎ ኩበቱ ራሱ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ማሳው ሲዳከም ለከብት የሚሆነው ገለባም ይነዳል፤ በመጨረሻም ሰው አገሩን ጥሎ ይሄዳል። ይህ ከተጻፈ 40 ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ግን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ እየተገዛ በመርከብ፣ በመኪና፣ በመጨረሻም በአህያ ጀርባ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ በዚያው ተራራ ላይ ያለው ማዳበሪያ በምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል።

ይህን ካየን ዘንድ፣ «የባዮኢነርጂ ገበያ እናቋቁም» የሚለው ንግግር ትንሽ ያስገርማል። ገበያው አለ። ከገጠር በሴቶች ጀርባና በአህያ የሚወርደው እንጨትና ኩበት በየከተማችን ሲሸጥ ኖሯል። የጐደለው ዋጋው ነው፤ ሻጭዋ የጠፋባትን ቀን፣ የደከመውን ማሳ፣ የተቈረጠውን አስታ በዋጋው ውስጥ አታገባውም፤ ብታገባውም የሚገዛት የለም።

የዓለም መንግሥታት ተባብረው ሊያስፋፉት ያሰቡት ገበያ ከዚህ የተለየ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው ሕግ፣ እስከ 2020 ድረስ በአባል አገሮች ለመጓጓዣ ከሚውለው ኀይል 10 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የባዮነዳጅ ስትራቴጂውን አውጥቶ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚያ ወቅት ጃትሮፋና ጉሎ ሊዘሩ የተነሡ የውጭ ኩባንያዎች ሰፊ መሬት ጠየቁ። ፍሬው ለአውሮፓ መኪና፣ መሬቱ ግን የእኛ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድና ሰብሉ እንደ ወረቀቱ ስሌት አላፈራ ሲል ብዙዎቹ ሥራቸውን አቁመው ሄዱ። ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ ማተት አያስፈልግም።

የአልኮሉ ታሪክ ይሻላል። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ እንዲደባለቅ ተደረገ፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ይኸው አልኮል አስቀድሞ ሌላ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጋያ የተባለው ማኅበር ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ አድሎ ነበር። እንጨት ፍለጋ ከጣቢያው ርቀው ሲወጡ ለአደጋ ይጋለጡ የነበሩ ሴቶች ከጭሱም ከመንገዱም ዐረፉ። እንግዲህ አንድ በርሜል አልኮል ሲገኝ ለመኪና ወይስ ለምድጃ? የሚል ጥያቄ መጣ። መኪናው የውጭ ምንዛሪ ያድናል፤ ምድጃው የሰው ልጅ ያድናል። የመጀመሪያውን በብር መቊጠር ስለሚቻል ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚረታው እርሱ ነው።

ወደ ገበሬው ቤት ከሁሉ ይልቅ የቀረበው ትብብር የባዮጋዝ ነው፤ ስለዚህ በርሱ ላይ ጥቂት እንቈይ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እበት ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ተበጥብጦ አየር በማይገባበት፣ ከመሬት በታች በተገነባ ጕድጓድ ውስጥ ይገባል። ዐይን የማያያቸው ባክቴርያዎች እበቱን ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል፤ ከጋዙም 60 በመቶ ያህሉ ተቀጣጣዩ ሚቴን ነው። ይህ በቱቦ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ከጕድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያነቱን እንደ ያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። በአንድ እበት ራቱም ይበስላል፣ ገብሱም ይለመልማል ማለት ነው፤ የኒውኮም መሰላል እዚህ ላይ ይሰበራል።

ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 ሥራውን ሲጀምር ገንዘቡ በአብዛኛው ከኔዘርላንድስ መንግሥት፣ የሙያው እርዳታ ኤስ ኤን ቪ ከተባለው የኔዘርላንድስ የልማት ድርጅት ነበር። የጕድጓዱ ንድፍ ከኔፓል የመጣ ሲሆን በእኛ አገር «ስንዱ» የሚል ስም ወጣለት። የኔፓሉ ንድፍ ስሙ ላይ 2047 የሚል ቍጥር አለ፤ ይህ የወደፊት ዓመት ሳይሆን ኔፓላውያን እንደ እኛ የራሳቸው ዘመን አቈጣጠር ስላላቸው በእነርሱ 2047፣ በአውሮፓውያን 1990 መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በአምስት ዓመት 14,000 ጕድጓዶች ለመሥራት አቅዶ 8,000 ያህል ሠራ። ኋላም የአውሮፓ ኅብረት ገብቶበት እቅዱ ወደ 36,000 ከፍ አለ።

መልካም ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ወደ በየዳ ሽቅብ እንውሰደው። አንደኛ፣ ለአንድ ጕድጓድ ቢያንስ አራት የቀንድ ከብት ያስፈልጋል፤ የደጋው ሀብት ግን ብዙውን በግ ነው፤ የበግ ጠጠር ደግሞ በተራራው ላይ ተበትኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ውሃ በየቀኑ በእበቱ ልክ መቀዳት አለበት፤ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አይኖርብንም። ሦስተኛውና ዋነኛው ብርዱ ነው። ባክቴርያዎቹ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራሉ፤ ከ15 ሲወርድ ይዳከማሉ፤ ከ10 ሲወርድ እንደ ማንቀላፋት ይላሉ። በስሜን 3,600 ሜትር ላይ ባለችው በግጭ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ነው። ሞቃቱን መሬት አስቦ የተሠራ ጕድጓድ እዚያ ቢቈፈር ብዙ እበት በልቶ ጥቂት ጋዝ ይሰጣል። በኔፓልም ቢሆን ባዮጋዝ በብዛት የተስፋፋው በሜዳውና በመካከለኛው ኮረብታ እንጂ በሂማላያ አናት አይደለም። በዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ የጋዝ ምድጃዎች ወጥ ያበስሉ እንጂ እንጀራ አይጋግሩም ነበር፤ በኛ አገር ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማገዶ የሚፈጀው ምጣድ ነው።

ማንም በየዳን ሆን ብሎ አልተወውም። ትብብሩ የተለካው በተሠሩት ጕድጓዶች ቍጥር ነው፤ ቍጥር የሚፈልግ ሰው ደግሞ መንገድ ወዳለበት፣ ከብት ወዳለበት፣ ፀሐይ ወዳለበት ይሄዳል። በፕሮግራሙ ሠራተኛ ቦታ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር።

ከባዮጋዝ ይልቅ ለተራራው የሚቀርበው ምርጥ ምድጃ ነው። ይህን ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ዝግ ምድጃ የነደፉት የኢትዮጵያ የኀይል ጥናት ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየክልሉ እንዲስፋፋ የረዳው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ነው። እርዳታው ምድጃ እየገዙ በነፃ ማደል አልነበረም፤ በየከተማው ምድጃ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎችን ማሠልጠን ነበር። በኔ አስተያየት ከተደረጉት ሁሉ አስተዋዩ መንገድ ይህ ነው። ምድጃው የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሆኖም ሁለት ነገር ይቀራል። ክብደቱ ከደባርቅ ወደ በየዳ በበቅሎ ለመጫን ያስቸግራል፤ ደግሞም በደጋ ቤት እሳት ለማብሰል ብቻ አይደለም። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ልጆቹ የሚሞቁት፣ የሣር ክዳኑ የሚደርቀው በዚሁ እሳት ነው። እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ ውስጥ የሚሸሽግ ምድጃ ማገዶ ይቈጥባል፤ ቤቱን ግን ያቀዘቅዛል። እናቶች ምድጃውን ተቀብለው ጥግ ላይ ቢያስቀምጡት «አልሠለጠኑም» ከማለት በፊት አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ይገባል። ጭሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ እንደ ሞተ ገምቷል።

በቅርቡ ደግሞ የካርቦን ገበያ መጥቷል። አንዲት ሴት በጥሩ ምድጃ ማገዶ ስትቈጥብ፣ ያልወጣው ጭስ በቶን ተሰልቶ የምስክር ወረቀት ይሆናል፤ ወረቀቱን በሌላ አገር ያለ ኩባንያ የራሱን ጭስ ለማካካስ ይገዛዋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ስሌቱ ግን ላላ። በ2024 የበርክሊ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በመረመሩት የምድጃ ሥራ ሁሉ የተሸጠው ወረቀት በእውነት ከቀነሰው ጭስ በአማካይ 9 እጥፍ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲወጣ ገዢ ይሸሻል፤ በታማኝነት የሠራውም አብሮ ይጐዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በ2019 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ሲያያዝ የዓለም ትብብር በጥቂት ቀን ውስጥ ደርሷል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። ፓርኩ ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስም በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ስለ ሆነ ዓለም ያውቀዋል። የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አስታውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚበላው የምድጃ እሳት ከሰማይ አይታይም፤ ሄሊኮፕተርም አይላክለትም።

ታዲያ ለዚህ እሳት መለኪያ የለም? አለ። በ2005 በግሌንኢግልስ ከተደረገው የቡድን 8 ጉባኤ የተወለደውና ጽሕፈት ቤቱ ሮም በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያለው የባዮኢነርጂ ኅብረት በ2011 የባዮኢነርጂን ዘላቂነት የሚመዝኑ 24 መለኪያዎች አውጥቷል። ከእነዚህ አንዱ የአፈሩን ጤና ይጠይቃል። ሌላው፣ ሴቶችና ሕፃናት ያለ ክፍያ ማገዶ ለመልቀም የሚያጠፉት ጊዜ ምን ያህል ተለወጠ? ይላል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በየዳ ተቀምጠው የተጻፉ ይመስላሉ። ገንዘቡ በጕድጓድ ቍጥርና በካርቦን ቶን ከሚመደብ ይልቅ በነዚህ ሁለት ቢመደብ፣ ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ የሚገኙት እንደ በየዳ ያሉት ወረዳዎች ይሆኑ ነበር።

ሥራውም የሚታጣ አይደለም። የምድጃው መቅረጫ ተራራው ላይ ካለ የሚጫነው ሲሚንቶው ብቻ ይሆናል፤ ለቤት ሙቀት የሚሆን በአንድ ወገን የተከፈተ ዐይነትም ሊሞከር ይችላል። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ትሪ ሉሰርን በደጋችን ተሞክሮ ቅጠሉ ለበግ መኖ፣ ግንዱ ለማገዶ ሆኗል፤ እስከ ምን ከፍታ ውርጩን እንደሚችል በበየዳ እርከኖች ላይ ተክሎ ማየት ነው። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ መብራት ወደ ከተሞቹ ሲደርስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከደባርቅ የማገዶ ገበያ ላይ የተወሰነ ሸክም ያነሣ ይሆናል፤ ገደል ለገደል ተበታትነው ያሉት ቤቶች ግን ለብዙ ዓመት በኩበት መኖራቸው አይቀርም።

ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ግን የሚቀርብ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም አንድ ቤት በክረምትና በበጋ ስንት ኪሎ ኩበት እንደሚያነድ፣ ለመልቀሙ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ያ ሁሉ ፍግ ማሳ ላይ ቢውል ገብሱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ሚዛን፣ ደብተርና ከቤት ቤት የሚዞር ሰው ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎቹም በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይፈልጋሉ።